ኮምፒውተሮቹ የኛን ሰዓት የለመዱ ሰሞን

ጥቅምት 8፣ 2003 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ረፋድ 4፡00

አሁንም አላለቀም። አረንጓዴዋ መስመር ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች፣ እኔም እሷን። ጠዋት ኢንተርኔት ቤታችን ስገባ ብሮውዘሩ አዲስ ቨርዥን ወጥቷል፣ ላውርድልሽ ወይ ሲለኝ እሺ አልኩ። ምን አለበት ብዬ። አሁን ኮምፒውተር ቁ.1 ብቻዋን ኔትወርኩን ጠቅልላ ይዛ ሌሎቹ አምስቱ ደርቀው ቆመዋል። ደንበኛ ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል።

9፡00። ተመስገን፣ አለቀ። በፍላሽ ገልብጬ በስድስቱም ላይ ጫንኩት። አዲሱ ብሮውዘር ሲከፈት ቁልፎቹ ሁሉ ቦታ ቀይረዋል፤ እኔ በሌለሁበት ሰው ገብቶ ዕቃዬን ያዛወረ ነው የመሰለኝ። ይሁን፣ ይለመዳል። ግን የአማርኛ መጻፊያችን የለችም። ያቺ ብሮውዘሩ ላይ የምትለጠፈው አድ-ኦን። ግራጫ ሆና፣ ከዚህ ቨርዥን ጋር አልስማማም ብላ ተቀምጣለች። አኩርፋለች ማለት ነው። ነገ አባብላታለሁ።

ማታ። ሌላም አለ፣ ማስታወሻዬ። የቤቱ ባለቤት መሪጌታ አድማሱ (ከእንግዲህ መ/ጌታ፣ እጄ ይደክማል) አዲስ ሕግ አወጡ። የጎረቤት ቴሌቪዥን መብራት ሄዶ ሲመጣ ስለተቃጠለ፣ ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ ቆጣሪው ይጠፋል። ልክ ናቸው። ኮምፒውተሮቹ እንደሁ ልጃቸው ምናለ ያገለገሉ ገዝቶ ያመጣቸው ሽማግሌዎች ናቸው። እሱ ለሥራ ደ/ማርቆስ ተዛውሮ ቤቱን ለእኔ ተወልኝ። ቤቱንም፣ አባቱንም።


ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

ተአምር! መ/ጌታ እንደ ልማዳቸው ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ከፍተዋል፣ ኮምፒውተሮቹንም አብርተው "እንዲሞቁ" ትተዋቸዋል። እኔ 2 ሰዓት ላይ ስገባ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት 2 ትላለች። ሁለት! ሁልጊዜ 8 ነበር የምትለው። ስድስቱም እንደዚያው።

ለካ አፕዴት ያደረግሁት በከንቱ አይደለም። ኮምፒውተሮቹ የኛን ሰዓት ለመዱ። ለገባው ሁሉ አወራሁ፤ አዲሱ ቨርዥን ኢትዮጵያን አወቃት አልኩ። መ/ጌታ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙኝ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈገግ አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ከሰዓት። ደስታዬ እስከ ምሳ ነው የቆየው። ኢሜይል እምቢ አለ። ሌላው ገጽ ይከፈታል፣ ኢሜይል ጋ ሲደርስ ይህን ገጽ አላምነውም፣ ተጠንቀቂ ይላል። ቁ.1 አላምንም። ቁ.2 አላምንም። ስድስቱም ተማክረው ነው የሚመስለው።


ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

የጅጋው መምህር ጥላሁን መጣ። በየቅዳሜው ይመጣል። ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቶ መልሱን በኢሜይል ይጠብቃል፤ ተቀብለውት ከሆነ በተቆረጠ ቀን መልስ መስጠት አለበት መሰለኝ፣ ፊቱ ያስታውቃል። አልከፈተለትም። ብዙ ሞከርን። በመጨረሻ እያፈረ፣ መናኸሪያው አጠገብ በተከፈተው አዲሱ ኢንተርኔት ቤት ልሞክር እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ሂድ አልኩት። እዚያ ወረፋው እስከ ውጭ ነው አሉ፤ የእኛ ሰው ነዋ የተሰለፈው። ሳይደርሰው የጅጋ መኪና እንዳያመልጠው ሄደ።

ከዚያ አቶ ሰይድ መጡ፣ የበርበሬ ነጋዴው። ከመ/ጌታ ጋር ውጭ አግዳሚው ላይ ብዙ ተጫወቱ። ኋላ መ/ጌታ ገብተው ነገሩኝ። ቤቱ ደንበኛ ከሌለው ለበርበሬ መጋዘን ይከራያል። እስከ ኅዳር ሚካኤል እንይ፤ ከተሻሻለ ተሻሻለ። ለእኔ እንዳይከብደኝ አየሩን እያዩ ነው የተናገሩት።

ኅዳር ሚካኤል። አዲሱ በርበሬ የሚገባበት።

ላልቅስ ወይስ አፕዴት ላድርግ?


ጥቅምት 15፣ ሰኞ

ወደ ድሮው ተመለስኩ። ምናለ የተወልኝን ሲዲ ፈልጌ አሮጌውን ቨርዥን ጫንኩ። የአማርኛ መጻፊያዋ ከኩርፊያዋ ተመለሰች! "ሰላም" ብዬ ጻፍኩ፣ ሰላም አለችኝ። ሳልሰነብት የዜና ገጽ ብከፍት፣ ይህ ቨርዥን አርጅቷል፣ ከእንግዲህ አንደግፈውም አለኝ። ኢሜይሉም ያው አላምንም። አዲሱን ስከፍት አያምነኝም፣ አሮጌውን ስከፍት አያውቀኝም።

አንድ ነገር ብቻ ደህና ነው። አሮጌውም ቨርዥን ላይ ሰዓቱ የኛው ነው። አንዴ ከለመዱ አይረሱም ማለት ነው።


ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ምናለ ጋ ደወልኩ። ነገርኩት። አፕዴት አድርጊ አለኝ። አድርጌ ነው የተበላሸው አልኩት። እንግዲያው መልሺው አለ። መልሼዋለሁ አልኩት። ከዚያ፣ እንግዲያው አፕዴት አድርጊ።

ስልኩን ዘጋሁት። ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ።


ጥቅምት 22፣ ሰኞ፣ ማታ

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። አብራኝ የተማረችው ብርቱካን እዚያ ኢንተርኔት ቤት ትሠራለች። እነሱ ጋ ኢሜይል ይከፈት እንደሆነ በዓይኔ ላየው ብዬ ነው። ብሮውዘራቸው ያው የእኛው፣ ቨርዥኑ ያው አዲሱ፣ እስከ ቁጥሩ። ኢሜይል ግን እንደ ቅቤ ይከፈታል። ብርቱካን ሁለት ጊዜ ከፍታ አሳየችኝ፣ ሦስተኛውን ግን፣ ክፉ፣ ለማስቀናት ብላ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የቨርዥኑ አይደለም ማለት ነው? ግራ ገባኝ። ልዩነት ፈለግሁ። ወንበራቸው ይሻላል። መጋረጃ አላቸው። ሰዓታቸው ግን ገና የፈረንጅ ነው፣ ምስኪኖች፤ እኔ 4 ሰዓት ላይ ገብቼ የእነሱ 10 ይላል። የእኛዎቹ ለምደዋል ብዬ ለብርቱካን ጉራዬን ነዛሁባት። አላመነችኝም።

በመኪና ስመለስ ሜዳው ላይ በርበሬው ቀልቶ ይታያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አዲሱን ቨርዥን መልሼ ጫንኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።


ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ፣ መድኃኔዓለም

አቶ ሰይድ ቤቱን በእርምጃ ለኩ። እንዳልከፋ ብለው ቀስ እያሉ ነው የሚራመዱት፣ ጫማቸው እንኳ እንዳይሰማ። አልጨክንብሽም አሉኝ፤ በርበሬውን የሚጠብቅልኝ ሰው ያስፈልገኛል፣ አንቺው ትሆኛለሽ። ደግ ሰው ናቸው። ግን እኔ በርበሬ አጠገብ ካስነጠስኩ አላቆምም።

ዛሬ ከፍቶኛል፣ ማስታወሻዬ። ይኸ ቤት የእኔ አይደለም፤ ግን ሰው ሩቅ ካለ ዘመዱ ጋር ሲጻጻፍ፣ ውጤቱን አይቶ ሲዘል አጠገቡ ያለሁት እኔ ነኝ። ይህን እወደዋለሁ። እንዲህ በግልጽ ጽፌው አላውቅም ነበር።

መ/ር ጥላሁንም መጥቶ ነበር። መናኸሪያው ጋ ዛሬ ኔትወርክ የለም። የሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነው፤ እስከዚያ መልስ ካልሰጠ ቦታው ለሌላ ያልፋል።


ጥቅምት 29፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ፊደሌ ተንጋዷል። ከሳቅ ነው። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

2 ሰዓት ላይ ስደርስ መ/ጌታ ቁ.1 ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፣ ማውዙን እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው። በጣም ተናደዋል። በስሜ ጠሩኝ።

"ይታይሽ፣ ነይ እስቲ። ይኸ ኮምፒውተር ወሩን ሃያ ስምንት ላይ ጨርሶታል። እንግዲህ ዛሬን የት ላስገባው?"

አየሁ። ስክሪኑ ላይ የቀን ማስተካከያው ተከፍቷል። ዓመቱ 2003። ወሩ ከላይ ሲቆጠር ሁለተኛው፤ መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት። በፈረንጅ ግን ሁለተኛው ፌብሩዋሪ ነው፣ የ2003ቱ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ላይ ያልቃል።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ቆጣሪውን ማጥፋት ከጀመሩ ጀምሮ። ቆጣሪው ጠፍቶ ካደረ ኮምፒውተሮቹ ሰዓትም ቀንም ይጠፋቸዋል፤ በነጋ ቁጥር ሌላ ዘመን ላይ ይነሳሉ። ምናለ ማስተካከያውን አንድ ጊዜ አሳይቷቸው ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሰው ቤት ውስጥ ዘመኑ የተሳሳተ ነገር ይቀመጣል? በየማለዳው ስድስቱንም ሲያቀኑ ኖረዋል። ሰዓቱንም፣ ቀኑንም፣ ዘመኑንም። በኛ።

አፕዴቱ አይደለም ኢትዮጵያን ያወቃት። መ/ጌታ ናቸው። እኔ ቨርዥኑን ሳሞግስ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ ያሉት ለዚህ ነው። በስውር መመስገን ደስ ብሏቸው።


ያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

እንዴት ልንገራቸው? ጠፋብኝ። ተሳስተዋል ማለት አልችልም፤ አልተሳሳቱምም። ዛሬ ጥቅምት 29 ነው፣ ዘመኑም 2003፣ ዘመነ ሉቃስ።

ዞር አድርጌ ጀመርኩ። እነዚህ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት ከውጭ አገር ጋር ነው አልኩ። እዚያ ያለው ገጽ ማንነቱን የሚያሳይ ወረቀት ይልካል፤ ወረቀቱ ላይ የእነሱ ቀን አለበት፣ እነሱ ዘንድ 2010 ነው። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ዛሬ 2003 ነው ብሎ ያምናል። ቀሪውን እሳቸው ጨረሱት።

"ገና ያልተጻፈ ወረቀት ይዤ መጣሁ የሚልን እኔም አላምነውም።"

ቁ.1ን በፈረንጅ ቀን፣ በፈረንጅ ሰዓት አስተካከልኩ። ኢሜይል ብዬ ነካሁ። ተከፈተ። አልጮህኩም፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ብሮውዘሩ ራሱ አድ-ኦንሽ አዲስ ቨርዥን አላት አለኝ። ለካ እሷም ለመታደስ ስትሞክር ያው አላምንም እየተባለች ነበር። ታደሰች። አማርኛ ጻፈች።

ዞር ስል መ/ጌታ የሉም። ጋቢያቸውን ለብሰው ወጥተዋል።


ጥቅምት 30፣ ማክሰኞ

ቤቱን አልከፈቱም። ቁልፉን በባለቤታቸው ላኩልኝ። ስድስቱንም እኔ አስተካከልኩ። ሁሉም ይሠራል፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሽማግሌውን ያሳፈርኩ መሰለኝ። ያን ፈገግታቸውን ወሰድኩባቸው። በመጋዘኑ እንኳ እንዲህ አልከፋኝም።


ኅዳር 1፣ ረቡዕ

መጡ!

ስደርስ ቤቱ ተከፍቷል፣ ኮምፒውተሮቹ ሞቀዋል። ስድስቱም ላይ ወር 11፣ ቀን 10፣ ዓመት 2010፣ ሰዓቱ 8። አንድም አልተዛነፈ። በሩ ላይ ደግሞ በጠመኔ ሁለት መስመር። ከላይ የኛ ቀን ከነወንጌላዊው፣ ከታች የነሱ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቤታቸው ተቀምጠው የሁለቱን አቆጣጠር ሲያስታርቁ ውለዋል። አፍረው አልነበረም፤ ሒሳቡ ጣፍጧቸው ነው።

ወራቸው አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሃያ ስምንት፤ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አሉኝ። ከዚያ ተጠግተው፣ በጣም በዝግታ፣ ሰባት ዓመት የምንለያየው እስከ ታኅሣሥ ነው፣ የነሱ ዘመን ሲለወጥ ስምንት ይሆናል፣ ያን ጊዜ መጠንቀቅ ነው አሉ። የመንግሥት ምስጢር የሚነግሩኝ ይመስላሉ።


ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

መ/ር ጥላሁን። ከፈተ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ወጥቶ ሄደ። ደነገጥኩ። ተመልሶ መጣ፣ ለሰው ሁሉ ለስላሳ ይዞ። ተቀብለውታል! መልሱን እዚያው ጻፈ፣ በመጨረሻው ቀን። ቀኑን ከበሩ ላይ ቀድቶ ነው የጻፈው፣ ከታችኛው መስመር።

ሰው ተመልሷል። ወረፋ አለን። የጠመኔውን ጽሑፍ ብቻ ለማንበብ የሚገቡም አሉ።


ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

ቤቱን ከሰዓት ነው የከፈትነው። ሁለት ነገር።

አንድ። ምናለ ከደ/ማርቆስ በሹፌር ትንሽ ፖስታ ላከ። ስድስት ክብ ባትሪ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። በስልክ ነገሩን ስነግረው ሲስቅ ነበር የዋለው። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ቆጣሪ ቢጠፋም ሰዓቱ አይጠፋም። ማንም በየጠዋቱ ማስተካከል አይኖርበትም።

ሁለት። አቶ ሰይድ መጡ፣ ቀኑ ደርሷልና። መ/ጌታ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው። እኔ በሩ ጥግ ቆምኩ። ደንበኛ መጣ አላሉም፣ ገበያው ተሻለ አላሉም። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦

"ቤቱን ማከራየቱ እንኳ አይሆንልኝም፣ አቶ ሰይድ። እኔ ከሄድኩ የነዚህን ሰዎች ዘመን ማን ይለውጥላቸዋል?"

አቶ ሰይድ በሩን አዩ፣ ጠመኔውን አነበቡ። ይሁን፣ ሥራ ይዘዋል ለካ አሉና ሳቁ። በርበሬው ሌላ ቤት አያጣም።

ስለዚህ፣ ማስታወሻዬ፣ ወስኛለሁ። ባትሪዎቹን ከነፖስታቸው መሳቢያው ውስጥ፣ ከሲዲው ስር አስቀመጥኳቸው። ምናለ ከጠየቀኝ ከቨርዥኑ ጋር አልተስማሙም እለዋለሁ።

ይኸው ደግሞ ቁ.1። አዲስ ቨርዥን ወጥቷል፣ ላውርድልሽ ወይ ይላል። መ/ጌታ ከኋላዬ ቆመው ምን ይላል፣ ቀኑን ነው የሚጠይቀው እያሉኝ ነው፤ ቆይ፣ ልመልስ