የባሌስትራው ቅጠል ሳይጎድል

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ካሳው፤

አባቴ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እናቴን ደጊቱንስ የዓይናቸው ሕመም ለቀቃቸው? ከብቶቹስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የዘገየሁት ረስቼ ሳይሆን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሰው አጥቼ ነው።

ሥራዬ ሙሳኽ በሚሉት የመኪና ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ዳቪድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ከመጥረጊያ በቀር ያስያዘኝ ነገር አልነበረም። አንድ ጠዋት ሻአሪያ በሚሉት ሰፈር የሚኖር፣ ሳዲያ የሚባል ከየመን የመጣ አይሁዳዊ ሽማግሌ ብርቱካን የሚያዞርባትን ቴንደር ነድቶ መጣ፤ ትንሽ የጭነት መኪና ናት። ወገቡን ስላመመው ሣጥኑን ከፍ አድርጎ መጫን አቅቶታል። "ዝቅ አድርጉልኝ፤ ጭነቷን ግን እንዳትቀንሱብኝ" አለ።

ዳቪድ ከኋላው ባሌስትራ ከተደራረቡት የብረት ቅጠሎች ሁለቱን ሊያወጣ ቁልፍ ሲያነሳ አላስችል አለኝ። እርስዎ ከጎንደር ገበያ አሮጌ ባሌስትራ እያመጡ ማረሻ ሲቀጠቅጡ፣ እኔም ወናፍ ስነፋ፣ "ይህ ብረት አንዱ ባንዱ ተደግፎ ነው የሚሸከመው" ያሉኝ ትዝ አለኝ። የፍሙ ሽታ ሳይቀር አፍንጫዬ ላይ መጣ። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣ "ቅጠሉን ከቀነስክ ሲጫንባት ትተኛለች" አልኩት። "አንተ ጠራጊ ነህ ወይስ መሐንዲስ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሳዲያ ግን "እስቲ ይናገር" አለ።

ወለሉ ላይ በጠመኔ ስዬ አሳየኋቸው። የዚያች መኪና አክሱል፣ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ ከባሌስትራው በላይ ነው የተቀመጠው፤ በመካከላቸው ሦስት ጣት የሚወፍር ብረት ቢገባ ባሌስትራው ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናዋም አብራው ትወርዳለች፤ ቅጠሉ ግን አንድም አይጎድል። ዳቪድ ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን በጣቱ ተከተለና፣ "ከተንሸራተተ ሥራህ አበቃ" አለኝ። እንዳይንሸራተት ብረቱን መሐል ለመሐል በስቼ ችንካር ቀጠቀጥኩለት፤ ብሎኖቹንም ረዘም ባሉ ለወጥናቸው። የፊቱን ዳቪድ ራሱ ዝቅ አደረገው።

ከዚያ ሠላሳ ሣጥን ብርቱካን ጭነን ራማት ቬርበር እስከሚሉት ሰፈር ነዳናት። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ስንመለስ ዳቪድ ከሥሯ ገብቶ በባትሪ አያትና "በሰደር" አለ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። "ማን አስተማረህ?" ሲለኝ "አባ" አልኩት፤ በእነርሱም ቋንቋ አባት ማለት ነው። አሁን መጥረጊያውን በየተራ ነው የምንይዘው።

አባቴ፣ እዚያ ማረሻ የሚያሠሩዎት ሰዎች ከደጅ ቆመው ይጠሩዎት ነበር እንጂ ቤታችን ገብተው ውሃ አይጠጡም ነበር። ሳዲያ ግን ግራሶ የነካውን እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ብርቱካን ልጦም በእጁ አጎረሰኝ። እንባዬ መጣ። ያን ብርቱካን የበላሁት በእርስዎ ፋንታ ነው።

እናቴን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። እህቴን ፀሐይቱን፣ ወንድሜን ሹሜን፣ አክስቴን አዝመራንም በየስማቸው እየጠራችሁ ናፍቆቴን ንገሩልኝ። መንገዱ ተከፍቶ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን።

ልጅዎ ዋኘው ካሳው
ፔታህ ቲክቫ፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.