ትምህርት ቤቱ ይነሳ ወይስ አይነሳ

ጥር 6
ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምድጃውን አቀጣጠልኩ። የነብራስካ ብርድ የቀለሙን ብልቃጥ ሰነጠቀው። አሥራ አራት ተማሪ፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ፣ ሁሉም በአንድ ቤት... እና እኔ ብቻ። የስምንተኛዋ ሚላዳ አንድ ማይል በምርኩዝ መጥታ ክፍልፋዩን ከሁሉ ቀድማ ጨረሰች። ግንቦት ላይ የወረዳውን ፈተና ታልፋለች። ከዚህ ቤት የመጀመሪያዋ!

ጥር 9
የምኖረው አቶ ኤክሉንድ ቤት ነው። የማስተማር ውሌን የሚፈርሙትም እሳቸው። እራት ላይ አወሩ... መሬቱ በብርድ እንደጠጠረ ከእንጨት የተሠራውን ትምህርት ቤት እንዳለ በፈረስ ጎትተው ወደ ሰሜን፣ እደጃቸው ሊያመጡት ነው። ቅዳሜ ድምፅ ይሰጣል። በደቡብ ለምትኖረው ሚላዳ ሦስት ማይል ሊሆንባት? በዚህ በረዶ? ይህንኑ አልኳቸው።
«ለአንዲት ልጅ እግር ተብሎ ስንት ቤት ይንገላታ፣ መምህርት?»
ድንቼን በላሁ።

ጥር 10
ድምፅ ሰጪው ሰሜን ሰባት አባወራ፣ ደቡብ አምስት። አበቃላት... ግን የትምህርት ሕጉን ገለጥኩ። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ያላት እናትም ድምፅ አላት! እዚህ ሴቶቹ ኬክ አምጥተው ጋሪ ላይ ይጠብቃሉ እንጂ ስብሰባ ገብተው አያውቁም። ልንገራቸው? ብባረርስ?

ጥር 12
ለሚላዳ እናት ነገርኳት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ባሌ ያውቃል ወይ አለችኝ። ሕጉ ያውቃል አልኳት።
ስመለስ መንገድ ላይ ደነገጥኩ። የሰሜኖቹ ሚስቶችም እኮ እናቶች ናቸው። ሰባት ሲደመር ሰባት... ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ጥር 13
የአቶ ኤክሉንድ ባለቤት ወይዘሮ ሄዳ ሳህን እያጠቡ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፦
«ለደቡቦቹ ነግረሻል አሉ። አብረሽኝ እየበላሽ እኔ ከጎረቤት ልስማ?»
ፎጣ አንስቼ ሳህኑን ማድረቅ ጀመርኩ።

ጥር 14
ቅዳሜ። ወንዶቹ የልጆቹ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ። ሴቶቹ ገቡ። አንዱ ኬኩን አስቀምጡና ውጡ ሊል ሲጀምር ተነስቼ ሕጉን አነበብኩ። አቶ ኤክሉንድ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።
ይነሳ የሚል ወደ ምድጃው፣ አይነሳ የሚል ወደ መስኮቱ ተባለ። ወይዘሮ ሄዳ ወደ መስኮቱ ሄዱ።
«ሄዳ» አሉ ባልየው ቀስ ብለው።
«የኛዎቹ ሁለት ሁለት ደህና እግር አላቸው፣ ኦስካር።»
ሌሎች ሁለት የሰሜን ሴቶች ተከተሏቸው። አሥራ ሦስት ለአሥራ አንድ። ቤቱ አይነሳም!

ጥር 17
ውሌ ግንቦት ላይ ያበቃል፤ አይታደስም። አልጋዬም ለሌላ ሰው ተፈልጓል ተባልኩ። አሁን ያለሁት እነ ሚላዳ ቤት ነው። ግንቦት ድረስ... ለፈተናው ይበቃናል? ዛሬ ጠዋት አብረን ወጣን። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት። መንገዱን ሙሉ የፈተና ጥያቄ ጠየቅኳት፤ ሳትቆም መለሰች።
ድልድዩ ጋ ትንሽ እንረፍ ያልኩት እኔ ነኝ።