ተቆልፋ የቀረችው ክሊኒክ

ትሮንሄም፣ አርብ፣ ማርች 6 ቀን 2026

ውድ አይቪን፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ አለቃዬ ሀልቫርድ ግን በቁሜ ሊገድለኝ ነበር። ስደውል ስልክ ስለማታነሳ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

እዚያ ደሴት ሐኪም ሆነህ ከሄድክ ጀምሮ የበሽተኛ ምስል ወደ ሆስፒታል የምትልክበትን ቪፒኤን፣ ያንን በሚስጥር ቁልፍ የተዘጋ የኢንተርኔት መስመር፣ ታውቀዋለህ። የደሴቶቹን ክሊኒኮች መስመር ሁሉ ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚያስተዳድር አዲስ ፕሮግራም ሠርተናል። የምንፈትነው በማስመሰያ መድረክ ላይ ነው፤ ሆስፒታሉም፣ ክሊኒኮቹም፣ በባሕሩ ሥር የሚያልፈው የመገናኛ ገመድም እኛ ክፍል ባሉት ኮምፒውተሮች ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። ማገናኘቱም፣ ማቋረጡም፣ የሚስጥር ቁልፍ መቀየሩም ፈተናውን አለፈ። ሀልቫርድም የፊታችን ሰኞ እውነተኛው መስመር ላይ ይጫን አለ።

እኔ ግን ቁልፉ እየተቀየረ ሳለ መስመሩ ቢቋረጥስ ብዬ፣ ያንተን ክሊኒክ የምትመስለዋን መሃል ላይ ቆረጥኳት። መስመሩን ስመልሰው አሮጌውን ቁልፍ ጥላለች፣ አዲሱ አልደረሳትም። ሆስፒታሉ አላውቅሽም አላት። ሰው በጀልባ ሄዶ በእጁ ካላስተካከላት እንደተቆለፈች ትቀራለች።

ሀልቫርድ እንዲህ ያለ አጋጣሚ አይደርስም ብሎ ድርቅ አለ። በጃንዋሪው ማዕበል መስመሩ ሲመጣ ሲሄድ፣ ልቡን ያመመውን ዓሣ አጥማጅ ይዘህ ብቻህን እንደተጨነቅህ ነገርኩት። ይሄኔ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ቱሩን፣ ባልሽ እዚያ ባይኖር እንዲህ ችክ ትይ ነበር?" አይለኝም?

ደሜ ፈላ። "እሱ ባይኖርም ሰው ይኖራል" አልኩት። "ሰኞ ከጫንከው እኔ አልፈርምም።"

አንተ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ እንዳታመጣብኝ።

ሀልቫርድ ለቀናት ዘጋኝ። ሰላምታዬን እንኳ በግድ ነበር የሚመልሰው። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥቶ "እስቲ ቁረጫት" አለኝ። ቆረጥኳት። ተቆልፋ ስትቀር ሲያይ ወንበር ስቦ አጠገቤ ቁጭ አለ። የአዲሱ ቁልፍ መሥራት ሳይረጋገጥ አሮጌው እንዳይጣል አድርገን ፕሮግራሙን አስተካከልነው። ዛሬ ደጋግመን ብንቆርጣትም መስመሩ እንደተመለሰ ራሷ ገባች። ሀልቫርድ ይቅርታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ቡና ቀድቶ ሰጠኝ፣ ያውም የቀዘቀዘ። የሚጫነው ከፋሲካ በኋላ ነው።

የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዬን በፖስታ ላኪልኝ ያልከኝን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ረጅም ዕቃ የሚቀበሉ አይመስለኝም። ሄጄም አልጠየቅኩም። ከፈለግኸው በፋሲካ መጥተህ ውሰደው። የበግ ጭን ገዝቻለሁ፤ ሥጋ ሻጩ ለስንት ሰው ነው ሲለኝ ለሁለት አልኩት።

ባሕሩ ይረጋላችሁ። በሽተኞችህን ይማርልህ፣ አንተንም ከብርዱ ይጠብቅህ።

ቱሩን