ሃርድ ዲስኩ ከተቀየረ ወዲህ

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹ አደጉልሽ? እኛ ይመስገን አለን። በመጪው ወር እንደምትመጪ ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከመምጣትሽ በፊት ግን የማጫውትሽ ነገር አለ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ሆድ ይፍጀው።

የባለቤቴን ሥራ ታውቂዋለሽ። ለዓይነ ስውራን እየተነበቡ የሚቀዱ መጻሕፍትን ተቀብሎ፣ ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጢጥታ፣ የውጭውን ውሻ እየለቀመ ያወጣል። የምንተዳደረው በጆሮው ነው። በዚሁ ጆሮው እኔንም ሲያስመርረኝ ኖሯል። የግድግዳ ሰዓቱን «ቀጭ ቀጭ አለብኝ» ብሎ ከመኝታ ቤት ያስወጣ፣ የጎረቤትን የበር ማጠፊያ ማንም ሳይጠይቀው ዘይት የቀባ ሰው ነው። አንቺ እንኳ አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ ስናስብም ይሰማዋል» ብለሽ አስቀሽናል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ኮምፒውተር መንጫጫት ጀመረልሽ። መጀመሪያ ቀር ቀር ይል ነበር፤ እየቆየ ድስት በአሸዋ የሚፈትጉ መሰለ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ጥርሴን ያፋጨኛል፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም። «አይረብሽህም እንዴ?» ስለው፣ ከንፈሬን አየት አደረገና «ለምጄዋለሁ» አለኝ። ቆሽቴ አረረ። የእኔ ድስት ክዳን ሲወድቅ የሚቆጣ ሰው ለራሱ ዕቃ ሲሆን መታገሡ ንቀት መሰለኝና ለቀናት አኮረፍኩት። ማኩረፌንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

በዚህ መሀል የሚሠራለት ድርጅት አንድ መጽሐፍ መለሰበት። የአንባቢዋ ሳል እንዳለ አለበት፣ ምን ነካህ አሉት። እሱ የእነሱን ማጫወቻ ወቀሰ። ሁለተኛ ከተመለሰ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡት ግን ቁርጡን ነግረውታል። እኔም ጥፋቱ የዚያ ጩኸታም ኮምፒውተር ነው ብዬ፣ እናቱ ዘንድ በዋለበት ቀን ጠጋኝ አስጠራሁ። ጠጋኙ ጠጋ ብሎ አዳመጠና፣ የሚጮኸው ሃርድ ዲስኩ እንደሆነ፣ ቶሎ ካልተገለበጠ የያዘውን ሁሉ ይዞ እንደሚሞት ነገረኝ። ሥራውን በሙሉ ወደ አዲስ ገልብጦ አሮጌውን አወጣው። አዲሱ ትንፋሽ እንኳ የለውም። ቤቱ ጭር አለ።

ባለቤቴ ሲመለስ አልነገርኩትም። ራሱ ደርሶበት እንዲያመሰግነኝ ፈልጌ ነው፤ ምስጋና መውደዴን ታውቂ የለ። በማግስቱ ሲሠራ አረፈደ፣ አንድም ነገር አላለም። ምሳ ላይ አላስችል ብሎኝ «ዛሬስ ጩኸቱ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ያው ነው፣ ለምጄዋለሁ አልኩሽ እኮ» አለኝ።

እትዬ፣ የያዝኩት ጭልፋ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ መብላቱን ቀጠለ።

ጆሮው መቼ መክዳት እንደጀመረ አላውቅም። ስንት ጊዜ ብቻውን ሲፈራ እንደከረመ፣ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ሳኮርፍ እንደነበር ሳስብ ራሴን እወቅሳለሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እሱ ራሱ ሁለተኛ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ መጣ። ብቻውን መሥራት ስለሰለቸው አጠገቡ እንድቀመጥ ለመነኝ። አሁን ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንውላለን። ሳል ሲመጣ ትከሻውን ነካ አደርገዋለሁ፣ እሱ ይቆርጠዋል። ለምን እንደምነካው እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት። ከዚያ ወዲህ የተመለሰበት ሥራ የለም።

ስለዚህ አደራ፣ ስትመጪ ከኋላው አትጥሪው። ገበታ ላይ ከፊት ለፊቱ ተቀመጪ። ስታወሪው እንደ ልማድሽ አፍሽን በነጠላ አትሸፍኚ። ያለቦታው ከሳቀም አብረሽው ሳቂ።

እዚህ ድረስ ጽፌ፣ የቀረ ነገር እንዳይኖር እንደ ልማዴ ከላይ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሥራ ክፍሉ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ ከኋላዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ዞር ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ወረቀቱን አየና ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለአንቺ መሆኑን ነገርኩት።

ፈገግ ብሎ «ሰላም በይልኝ» አለ። «ምነው ታዲያ ዛሬ ስትጽፊ እንዲህ ዝም አልሽ?»

መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ፣ በደህና ያገናኘን።

የምትወድሽ ታናሽሽ