የኑሃሚን ጥናትና የቅዳሜው መርዶ

ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሽ አሸብር፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርዎ ወገብዎ እንዴት ነው? እትዬ ሕይወትስ ዓይናቸውን ታከሙ ወይስ አሁንም «ዛሬ ነገ» እያሉ ነው? ሔለንስ፣ ጎረቤቱስ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭስ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኔ፣ ዓለምብርሃንና ኑሃሚን ከእናንተ ሐሳብ በቀር፣ ክብሩ ይስፋና፣ ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» ከአራት ዓመት ወዲህ በየበዓሉ በስልክ እንደምወረውርልዎ አድርገው አይውሰዱብኝ። የዛሬው ከልቤ ነው።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ደውለው «አቤት» ሲሉ እሪ ብዬ ስልኩን ከእጄ የጣልኩት ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ኑሃሚን አንስታ «ደህና ናት ጋሼ፣ ደስ ብሏት ነው» ስትልዎት ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን ደስታ እንደዚያ እንደማይጮኽ ያውቃሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስሉ እንደከረሙ አይጠፋኝም። በስልክ እንዳልነግርዎ ነገሩ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ሲና የምትባለው የጎረቤታችን ልጅ ለእህቷ ሠርግ ስትመጣ ትያዝልኝ ብዬ፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጅቱ ትምህርት ነው። ኑሃሚን ነርሲንግ ጀምራ እንደነበር ያውቃሉ። ሁለተኛ ዓመቷን ስትጨርስ እራት ላይ «ሜጀሬን ቀይሬያለሁ» አለችን። ወደ ምን ስንላት፣ ሶሲዮሎጂና ሶሻል አንትሮፖሎጂ አለች። አባቷ ዓለምብርሃን ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና «ምንድን ነው እሱ?» አላት። «ሰው አብሮ ሲኖር ምን ያደርጋል፣ ለምንስ እንደዚያ ያደርጋል፣ እሱን ማጥናት ነው» ብትለው፣ «እሱንማ እኔ ታክሲ ላይ አሥራ አራት ዓመት አጥንቼዋለሁ፤ በይ ዲግሪውን ለእኔ አምጪልኝ» አላት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም «እኛ እኮ ደም ግፊታችንን ትለካልናለች ብለን ስንጠብቅ» ብለው አዘኑብኝ። እኔም ምን እንደምታጠና ሲጠይቁኝ «ኮሌጅ ናት» ብዬ እያለፍኩ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ዘንድሮ መጨረሻዋ ነው፤ ለመመረቂያዋ ራሷ ሰው ጠይቃ አንድ ጥናት መጻፍ አለባት። ስለ ምን እንደሆነ ግን ከእኔ ደብቃ ነበር።

ያን ቅዳሜ የምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ዋናው ማሽን ተበላሸና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል የነበረብን ሰዎች ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤት ተመለስን። ኖርክሮስ፣ ሰፈራችን ስደርስ ደጃችን ላይ አራት መኪና ቆሟል። አንዱ የአቶ ገብረሕይወት ነጭ ሚኒቫን ነው። አቶ ገብረሕይወት የእድራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ ከተማ አገር ቤት ዘመድ የሞተበትን ሁሉ በማለዳ ቤቱ ሄደው መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን፣ በሠርግ ስናያቸው እንወዳቸዋለን፤ ያን ሚኒቫን ግን ጠዋት ደጁ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው የለም። እኛ ደጅ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ ያውቃል። በ2003 ነሐሴ፣ የእማዬ ጊዜ።

መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ኋላ የጎረቤት ሣር ላይ ተገኘ። በሩን ስከፍት ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ መሐል ቆማለች። ሲያዩኝ ሁሉም ብድግ አሉ። ልጄ ደብተር እንደያዘች ፊቷ አመድ መሰለ። ጋሼ፣ ከእማዬ በኋላ ከእርስዎ በቀር ማን አለኝና ማንን ላስብ? «ወንድሜን» ብዬ እዚያው በሩ ሥር ወደቅሁ።

አቶ ገብረሕይወት ደግፈው ሊያነሡኝ እየሞከሩ «ምንም የለም ወይንሸት፣ በእግዚአብሔር ስም ምንም የለም» አሉኝ። በ2003ም ውሃ እስኪያጠጡኝ ድረስ ያሉኝ ይህንኑ ነው። «ተረጋጊ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉ ሌሎቹ። ይህንንም ያኔ ብለዋል። ሴትየዋ ደንግጣ ነጠላዋን ቶሎ ስታቃናማ ይባስ አመንኩ። ኑሃሚን «ማሚ፣ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፣ ኢንተርቪው እያደረግኳቸው ነው» ስትለኝ «አንቺንም አስጠኑሽ?» አልኳት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደግ ውሸት የኖሩ ሰዎች አንድ ቀን እውነት ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል?

«እንግዲያው ደውሉና ድምፁን አሰሙኝ» አልኩ። ኑሃሚን ደወለች፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም አለች። ደግማ ደወለች፣ ያው ነው። የእትዬ ሕይወት ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። አራተኛውን ጊዜ ሲሆን የአቶ ገብረሕይወት ፊት ሲለወጥ አየሁ። እሳቸውም ፈሩ። ሌላው ሰውዬ ቀስ ብሎ ከሶፋው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ነጠላዋን ያቃናችው ሴትም ሳታውቀው መልሳ አዘቀዘቀችው። ለትምህርት የመጡት ሰዎች እያየኋቸው ለቀስተኛ ሆኑ።

አንድ ሰዓት ተኩል እንደዚያ ቆየን። ያን ጊዜ ያልኩትን አልደብቅዎትም። «አራት ዓመት ሙሉ እንኳን አደረስዎ ብቻ እያልኩ አኩርፌው ሞተብኝ» እያልኩ አለቀስኩ። ቂሜን ያውቁታል። እማዬ የሞተችው በጥምቀት ማግስት፣ እኔ የሰማሁት ነሐሴ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እማዬን ያገናኙኝ ስል «ጸበል ናት» ይሉኝ ነበር። ሰባት ወር ጸበል። እኔ እርስዎ ወስነው የደበቁኝ ነበር የሚመስለኝ። ዓለምብርሃንም ያውቅ ነበር፤ እሱን ግን አጠገቤ ስለነበር ያኔውኑ ተቆጥቼው ወጣልኝ። እርስዎ ግን ባሕር ማዶ ስለሆኑ ቁጣው ውስጤ ቀረ።

ይህን ሲሰሙ አቶ ገብረሕይወት ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ወንድምሽ አይደለም የደበቀሽ፤ እኔ ነኝ» አሉ። እርስዎ በየሳምንቱ እሑድ ይደውሉላቸው እንደነበር ነገሩኝ። «ዛሬስ ይነገራት?» እያሉ። እሳቸው መጀመሪያ ኦፕሬሽን አድርጋለች፣ ቁስሏ ይዳን አሉ። ቀጥሎ ጾም ነው፣ በባዶ ሆዷ አይሆንም አሉ። ቀጥሎ የልጅቷ የሃይስኩል ምረቃ ነው አሉ። «ከምረቃው በኋላስ?» ብላቸው መሬት መሬት እያዩ፣ «ከዚያ በኋላማ ምክንያት አልነበረንም። ፈርተን ነው» አሉ። አንድ እሑድ እርስዎ «እህቴን አጠፋችሁብኝ» ብለው ስልኩ ላይ እንዳለቀሱም ነገሩኝ። ይህን ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም፤ ጥፋቱን ብቻዎን ተሸከሙት።

ኑሃሚን ደግሞ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ «ማሚ፣ እኔም አውቅ ነበር» አለችኝ። የፋሲካ ማግስት ስልኩን ያነሣችው እሷ ናት፣ እርስዎም ሳያስቡት አምልጦዎታል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አራት ወር ሙሉ ፊቴን እያየች ዝም አለች። የምረቃዋን ፎቶ ለእማዬ ላኪልኝ ስላትም «እሺ» ብላኛለች። ልቆጣት አፌን ስከፍት በእጇ ያለው ስልክ ጠራ፤ ነጥቄ ባነሣው «አቤት» የሚለው ድምፅዎ መጣ። አጨዳ ሄደው፣ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ውለው፣ ስልኩ ላይ ሃያ ሦስት ጥሪ አይተው መደወልዎ ነበር። የጮኽኩት ያኔ ነው። ሃያ ሦስት ጥሪ ያየ ሰው የእህቱን ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበልዎ፣ ያ ለቅሶ ቤት ሠርግ ቤት ሆነ። «ለኢንተርቪው ሙሉ ልብስ ምን ይሠራል?» ብላቸው አቶ ገብረሕይወት፣ «ዩኒቨርሲቲ ጠራኝ ብዬ ነዋ፣ በቁምጣ ልምጣ?» አሉኝ። ሴትየዋም ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ለመርዶ እንዴት እንደሚለበስ ለኑሃሚን እያሳየቻት ነበር። የጥናቷ ርዕስ እንግዲህ ይኸው ነው፦ እዚህ ያለ ሐበሻ አገር ቤት ሰው ሲሞትበት ማን ይወስናል፣ ለምን ይደበቃል፣ የሚደብቀውስ ሰው ምን ይሆናል። እኔ ሥራ የምውልበትን ቀን መርጣ ነው የቀጠረቻቸው፤ ቁስሌን ላለመንካት። እሷም ደበቀችኝ ማለት ነው። ስነግራት አንገቷን ደፍታ ሳቀችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ለምን ነርሲንጉን እንደተወችም የዚያን ቀን ገባኝ። «ያኔ ዝም ስልሽ ክፉ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። እዚህ ትምህርት ክፍል ስገባ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማይወስነው፣ ብቻውንም የማይጥሰው ነገር እንዳለ ተማርኩ» አለችኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር እስክሰማ ድረስ እኔ እርስዎን አራት ዓመት ስወቅስ ነበር። አሁን ምን እንደምታጠና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቆሜ አስረዳለሁ፤ ላልጠየቀኝም።

ፖስታው ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። የተጠየቀ ሰው ፈቅዶ ካልፈረመ ዩኒቨርሲቲው አያስጽፋትም። እኔ ፈርሜያለሁ። በጀርባው ኑሃሚን ራሷ በአማርኛ ገልብጣዋለች፤ ፊደሏ ቢጎብጥም ይነበባል። ስማችንን እንደምትቀይር ተጽፏል። የእማዬን አትቀይሪ ብያት ገና እየተከራከርን ነው። ከፈቀዱ ስትደውል ሁሉንም ይንገሯት፣ እማዬ በመጨረሻ ያለችውንም ጭምር። እኔ አጠገቧ ሆኜ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ከቻልኩ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ እንደሄዱ ከሰው ሰምቻለሁ። እርስዎ «ወገቤን ነው» አሉኝ። ሔለን ደግሞ «አባዬ ደህና ነው» የምትለው ቶሎ ቶሎ ነው፤ ያን አነጋገር አሁን አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ያለውን በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ይጻፉልኝ። አሁን ኦፕሬሽን የለብኝም። ጾሙ ከሦስት ቀን በኋላ ይገባል፣ ይግባ። የምትመረቀው ልጅም ራሷ ንገሯት ባይ ናት። ምክንያት አልቋል ጋሼ፤ እሰማለሁ።

እትዬ ሕይወትን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ዓይናቸውን ይታከሙ። ለሔለን፣ ቀስ ብላ እንድትናገር ይንገሩልኝ፤ እወዳታለሁ። ግድግዳ የሚጋሯችሁን ጎረቤቶችና የእማዬን የማኅበር እናቶች በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ዓለምብርሃን «ታክሲዬ ላይ የተማርኩትን በነፃ አስተምራችኋለሁ» ብሎ ሰላም ብሏል። ኑሃሚንም እጅ ነስታለች።

የቃልዎ ናፋቂ እህትዎ
ወይንሸት

አትላንታ፣ ጆርጂያ
ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.