መስታወት የመሰለው ሰሌዳ

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ፣ ማታ 12፡30

የጣቴ ቀለም በቤንዚንም አልለቀቀም። ገጽህ ቢቆሽሽ ቻለው፣ ደብተሬ።

መጋዘኑ ተራገፈ። የተሰባበረ ዴስክ እስከ ጣሪያ ተቆልሎበት የነበረው ቤት ዛሬ ክፍል መሰለ። አሥራ ሁለት ወላጅ መጣ። በያጁ ሙላት እግር የጎደለውን ሁሉ በየደ። አንደኛ ክፍል ሞልቶ ተርፏል። ረቡዕ ክ/ከተማ ሰው ልኮ ያያል፤ ይህ ክፍል እስከዚያ ካልደረሰ ትርፎቹ ልጆች ከከባድ መኪናው መንገድ ማዶ ወዳለው ት/ቤት ይዛወራሉ። ስማቸው ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። ስድስተኛዋ ሶስና ናት። ልጄ። ያን መንገድ እኔ እንኳ በሩጫ ነው የምሻገረው።

ሰሌዳው የእኔ ድርሻ። ሃያ ዓመት መኪና ቀብቻለሁ። ኮምፕረሰሩን ከጋራዥ አመጣሁ። ሁለት እጅ ጥቁር፣ በላዩ ቫርኒሽ። ፊት ያሳያል። ሙላት እንኳ አፉን ያዘ። ኮራሁ።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

ውርደት።

ር/መምህርቷ ወ/ሮ ጸዳለ ሊሞክሩት ጠመኔ አነሱ። ተንሸራተተ። ጫን አሉት፤ ተሰበረ። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር የለም። ስብርባሪውን ከወለሉ ለቀሙ። ሙላት ግን ዝም አይልም። "ግርሜ፣ ልጆቹ ፀጉራቸውን ሊያበጥሩበት ነው?" ሁሉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

መኪና መሰለኝ። ያበራ ሁሉ ያለቀለት መሰለኝ።

ወ/ሮ ጸዳለ በኋላ በጨዋ ደንብ ነገሩኝ። ወላጅ ግቢ ቢያጸዳ ይበቃ ነበር፣ ሰሌዳው ለባለሙያ መተው ነበረበት። ባለሙያው የሚገኘው ደግሞ ከበዓል በኋላ ነው። ዝርዝሩ አሁንም በሩ ላይ አለ። ለሶስና አልነገርኳትም።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

እትዬ ጫልቱ አስጠሩኝ። በዚሁ ት/ቤት በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ስምም በሩ ላይ አለ። "አንተ ቀለም እንጂ ሰሌዳ አታውቅም" አሉኝ። ከሰል ይወቀጣል፣ የግራዋ ቅጠል ይጨመቅበታል፣ በጨርቅ ይታሻል። በየክረምቱ የሚያጠቁሩት እሳቸው ነበሩ። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

"ታዲያ ቅዳሜ ወለል ሲያጥቡ አልነበር? ምነው ዝም አሉኝ፣ እትዬ?"

"ያ የኮምፕረሰርህ ጩኸት መቼ አናገረኝ!"

መጀመሪያ ቫርኒሹ ይፋቅ ተባለ። ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ክንዴ አይነሳም። እስከ ምሳ ብቻዬን ፋቅሁ። ከሰዓት ሙላት መጣ። ማሾፉን ሳያቋርጥ አንዱን ጥግ ያዘ። ቀጥሎ ከቱሉ ዲምቱ የምትመጣው ነርስ፣ ዝርዝሩ ላይ ካሉት የአንዱ ልጅ እናት። አዳር ሠርታ፣ ሳትተኛ። ከዚያ ሌሎቹ፣ በተራ። እትዬ ጫልቱ ወንበር ላይ ሆነው ያዛሉ። "እዚያ ጋ ያበራል፣ ድገሙት።" እናቴም እንዲህ አላዘዘችኝም።

ከሰሉንና ግራዋውን አሸንበት። አስቀያሚ ሆነ። የድስት ቂጥ። እሳቸው ዳሰሱትና አሁን ገና ሰሌዳ ሆነ አሉ። ነገ ይታያል።

ጳጉሜ 5፣ ረቡዕ

ያዘ!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ከክ/ከተማ የተላከው ሰው ዴስክ ነቀነቀ። መስኮት ከፈተ። ጠመኔ አነሳ። ሙላት ክንዴን ጨመቀው። ነጭ፣ ወፍራም መስመር። ሰውየው መጨረሻው ዴስክ ድረስ ሄዶ ተቀመጠና አየ። አያንጸባርቅም። ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። ወ/ሮ ጸዳለ ወደኛ ዞሩ። "ባለሙያዎቻችን" አሉ።

እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዝርዝሩን ወ/ሮ ጸዳለ በገዛ እጃቸው ከበሩ ላይ ላጡት። ሙላት ተቀብሎ የከሰል እጁን ጠረገበት።

ሶስና እዚሁ ትማራለች። አሁን ነገርኳት። የጠየቀችኝ ስለ አዲስ ቦርሳ ብቻ ነው።

መስከረም 5፣ ሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

"አባዬ፣ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ።"

በመጀመሪያው ቀን! ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። እኔም በጊዜዬ አባቴን ስንቴ ከሥራው ጎትቼዋለሁ። ምን አጠፋሽ አልኳት። ምንም። የሁለተኛ ክፍሉ አስተማሪ ሰሌዳችንን አይቶ ቀንቷል። እኔንና እትዬ ጫልቱን ይፈልጋል።

ቅዳሜ ጋራዡ ዝግ ነው። ሙላትም ይመጣል። ከሰሉ ከእኔ፣ ግራዋው ከእትዬ ጓሮ። ኮምፕረሰሩ ካለበት አይነቃነቅም።