ኮፈኑ ክፍት ሳለ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ሁለት ዘይት ቅየራ፣ አንድ ቺንጋ፣ አንድ ባትሪ። የአረካው ሚኒባስ ራዲያተር ዛሬም ያንጠባጥባል። ሹፌሩን ቁልፉን አምጣ ስለው፣ መኪናዬን ይዘሽ ልትጠፊ ነው ወይ አለኝ። የጋራዡ ወንዶች ሳቁ። እጄን ኮፈን ሥር ከማስገባቴ በፊት ቁልፉ ቢሮ ገብቶ ምስማሩ ላይ መሰቀል አለበት። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ነው። "ቁልፍ ያዧ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ዋናው መካኒካችን ጋሽ አንጁሎ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን፣ ዲግሪሽን እዚያ አስቀምጪና ይህን ስሚ አሉኝ። ሞተሩ ቢጠፋም ካልቀዘቀዘ፣ አንድ ሰው ቁልፍ ያዞረ እንደሆነ የራዲያተሩ ፋን በራሱ ይነሳል። ቁልፉ ከመኪናው ይራቅ። ዩኒ/ቲ ስማር እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም።

ነገ ጠዋት የበዴሳው ፒክአፕ። የራዲያተሩን የውሃ ጎማ መቀየር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጠዋት

በግራ እጅ ነው። ፊደሌን ታገሺኝ፣ ደብተሬ።

ትናንት፣ 3 ሰዓት ገደማ። ፒክአፑ ከበዴሳ እንደመጣ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ። ሹፌሩ ጴጥሮስ ቁልፉን ያለ ክርክር ሰጠኝ። ወስጄ ሰቀልኩ። እኔው፣ በዚህችው እጄ። ኮፈኑን ከፍቼ የውሃ ጎማውን ማሰሪያ ለመፍታት ከፋኑ ጀርባ ገባሁ።

ፋኑ ተነሳ።

አላመመኝም። መጀመሪያ። ራዲያተሩ ላይ ቀይ ነገር ሲረጭ አየሁና የሞተር ፈሳሽ መሰለኝ። የቀለሙን ዓይነት ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ሆ/ል። የቀኝ ሌባ ጣቴ ጫፍ የለም። የመሃሉ ተሰፍቷል፤ ይታጠፍ አይታጠፍ አይታወቅም አሉ።

አንድ ነገር አልገባኝም። ስወድቅ ከመኪናው ውስጥ መዝሙር ይሰማ ነበር። ሬዲዮ። ያለ ቁልፍ ሬዲዮ አይሠራም።

ከሰዓት

ባትሪውን መፍታት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ባትሪ በፈታሁ ቁጥር ደንበኞቹ ሰዓታችን ጠፋ፣ የሬዲዮ ጣቢያችን ተደመሰሰ እያሉ ያጉረመርማሉና ትቼው ነበር። ቁልፉ ይበቃል ብዬ። ይህን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 9 ሰዓት

የጋራዡ ባለቤት አቶ ማቴዎስ መጣ። አንድ እጅ ሙዝና አንድ ወረቀት ይዞ። ሙዙን ለእናቴ፣ ወረቀቱን ለእኔ።

"ሠራተኛዋ ቁልፉን ከመኪናው ላይ ሳታወጣ ሥራ በመጀመሯ በራሷ ጥፋት ለደረሰው ጉዳት..." ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ። ቁልፍ ያዧ።

አልፈርምም አልኩ። እሱ ረጋ ብሎ፣ ብዕር መያዝ ከከበደሽ ግድ የለም፣ አውራ ጣትሽ ደህና ነው አለ። ቀለሙን በኪሱ ይዞት መጥቷል። ይህ ወረቀት ፋይሌ ውስጥ ከገባ በሶዶም በአረካም ኮፈን የሚያስከፍተኝ ጋራዥ እንደሌለ እሱም ያውቃል።

ከታች ምስክር አለ። ፊርማውን ከመቶ ፊርማ መሃል እለየዋለሁ። ጋሽ አንጁሎ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ አላስታውስም። ጣቴን ግን አልሰጠሁትም። ሲወጣ እናቴ ስለ ሙዙ አመሰገነችው።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ

ጴጥሮስ መጣ፣ ከሚስቱ ጋር። ሚስቱ የጋሽ አንጁሎ ልጅ ናት። አማቻቸው መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ቁጭ ብዬ መጠበቅ ሰለቸኝ፣ ስልኬም ሞቶብኝ ነበር፣ ሬዲዮም ልስማ አልኩ፣ ይላል። ቁልፉን አባባን ጠየቅኳቸው። ከምስማሩ አውርደው ሰጡኝ። እሳቸው ከሰጡኝ ሥራው አልቋል ማለት ነው ብዬ አዞርኩት።

እሳቸው ናቸው። ደንቡን ያስተማሩኝ ሰውዬ።

ሚስቱ ወለሉን ታያለች። እናቴ እኔን።

ሲሄዱ እናቴ ይቅር በይ አለች። ማንን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔም የተቀቀለውን የቦይና ሥር በግራ እጄ መላጥ ቀጠልኩ፤ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 10 ሰዓት

ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው መጡ። ብቻቸውን። በወላይትኛ ሰላም አሉኝ፣ በአማርኛ መለስኩ። ከእሳቸው ጋር ስለ ጋራዥ ወረቀት ካልሆነ በቀር በአማርኛ አውርቼ አላውቅም። ገባቸው። እሳቸውም በአማርኛ ቀጠሉ፤ ቃል እየጠፋቸው፣ አንዳንዴም አንቺን አንተ እያሉኝ።

"አማቼ ነው። ልጄን የሰጠሁት ሰው። በሰው ሁሉ ፊት ቁልፍ ሲለምነኝ፣ ከልክያለሁ ልበለው?"

"እጄ ሞተሩ ውስጥ ነበር፣ ጋሼ።"

"ከኮፈኑ የወጣሽ መስሎኝ ነው።"

"አዩ?"

አላዩም። ቀና ብለው አላዩም። አማች ፊት እንቢ ማለት ከበዳቸው፣ ያ ነው። ስለ ወረቀቱ ስጠይቃቸው፣ ማቴዎስ ጥፋተኛው ወይ እሷ ወይ አንተ አለኝ አሉ። እኔ አርጅቻለሁ፣ የት እሄዳለሁ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ተምረሻል፣ ሐዋሳ ትሄጃለሽ።

ሐዋሳ ያሉ መኪናዎች በስምንት ጣት ይሠራሉ ወይ አልኳቸው። ተነሡ። ኮፍያቸውን ረስተው ሄዱ፤ እናቴ ተከትላ ሰጠቻቸው።

ቀሪውን ቀን መናደድ ነበረብኝ። አልተናደድኩም። ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። 5 ሰዓት

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እንድፈርም ሊያግባቡኝ ማቴዎስ ልኳቸዋል። ሦስት ናቸው፣ አንዱ ያጠመቀኝ ሰው ነው። እሱ ፊት እንቢ ማለት ይከብደኛል፤ ስለዚህ ሳይመጡ መጨረስ አለብኝ። ነገ ጠዋት የሠራተኛ ጉዳይ መ/ቤት እሄዳለሁ።

አቤቱታዬን ከንጋት ጀምሮ እየጻፍኩ ነው። ሦስት ገጽ። የባትሪውን ነገር አልደበቅኩም፤ ጥፋቴ እዚያ ጋ ነው፣ ይጻፍ። ቁልፉን መስቀሌንም። መዝሙሩንም።

ማን አወረደው የሚለው ጋ ስደርስ ተነሣሁ። ውሃ ጠጣሁ። ፋሻዬን ያለ ሰዓቱ ቀየርኩ። ጎረቤት ዶሮ ሲያባርሩ በመስኮት አየሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለመ/ቤት በሚገባ ወረቀት ላይ ጋሽ አይባልም። አቶ አንጁሎ ብዬ ጻፍኩ። የአባታቸውን ስም አላውቀውም። ሰባት ወር፣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ጴጥሮስ ጋ ደወልኩ። ለምን እንደፈለግኩት ወዲያው ገባው። ከኋላው ሚስቱ ማን ነው ስትል ይሰማል።

ከዚያ የአባታቸውን ስም ነገረኝ። ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፣ በግራ እጄ እንደምጽፍ ያውቃልና።